ለሽጉጥ የተሰፋ ጓንት

እማማ ዘውድነሽ ቁስሉን ያዩት ጉዲቱ ልትታጠብ እጅጌዋን ስትሰበስብ ነው። በቀኝ እጇ፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ባለችው ለስላሳ ሥጋ ላይ ሁለት ቀጫጭን ጭረቶች ጎን ለጎን ተሰምረዋል። ደሙ ደርቋል።

«ማነው የነከሰሽ?» አሉ፣ የውሃውን ጣሳ እንደያዙ።

«ሽጉጡ ነው፣ እማዬ።»

«ሽጉጥ ደግሞ ጥርስ ማብቀል ጀመረ?»

«ሲተኮስ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተወርውሮ ይመለሳል። እጄን ከልክ በላይ ወደ ላይ አድርጌ ይዤው ነበርና ሲመለስ ጫረኝ። አሠልጣኛችን አሥር አለቃ ኢተፋ ‹አዲስ ሰው ሁሉ አንዴ ይነከሳል› ብለዋል።»

«አንዴ? እኔ የማየው ሁለት ነው።»

ጉዲቱ ሳቀች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ስትስቅ ግን እማማ የሚታያቸው የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ናት። እሳቸው አልሳቁም። ውሃውን እያፈሰሱላት ቁስሉን ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ደግመው አዩት፤ ጨው በለብ ባለ ውሃ በጥብጠው እንደገና አጠቡላት።

ጉዲቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ናዝሬት ባለ አንድ ዘይት ፋብሪካ ኑግ አበጣሪ ሆና ተቀጥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ፋብሪካው የማበጠሪያ መኪና ከውጭ አስመጣና አሥራ ሁለት ሴቶች ትርፍ ሆኑ። ስማቸው በሩ ላይ ተለጠፈ። ከሥራ አልተባረሩም፤ አዋሽ ቆላ ውስጥ ወዳለ የመንግሥት ጥጥ እርሻ ተዛውረዋል ተባለ። እምቢ ያለች አብዮቱን እምቢ እንዳለች ይቆጠራል። ከዚያው ወረቀት ግርጌ ግን ሌላ ማስታወቂያ ነበረ፤ የፋብሪካው አብዮት ጥበቃ ጓድ በር ላይ ሴቶችን የምትፈትሽ አንዲት ሴት ይፈልጋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ በሽጉጥ ፈተና ከአሥር ጥይት ስድስቱን ክቡ ውስጥ የምታስገባ። ከአሥራ ሁለቱ ሴቶች አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው ጉዲቱ ብቻ ነች። ፈተናው ቅዳሜ ነው። ከወደቀች በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሌሎቹ ጋር መኪና ላይ ትወጣለች።

እማማ ዘውድነሽ ቆላውን ያውቁታል። ልጃቸው ሮማነወርቅ፣ የጉዲቱ እናት፣ ከስምንት ዓመት በፊት ለጥጥ ለቀማ ወርዳ በሦስተኛው ሳምንት በጭነት መኪና ተመለሰች። ወባ ነበር። ከተመለሰች በኋላ አምስት ቀን ብቻ ነው የቆየችው። የልጅቱ አባት ገመዳ ያኔ ሻሸመኔ ሌላ ትዳር ይዞ ነበርና ጉዲቱን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ቢጠይቅም አይሰጡም ነበር።

እንግዲህ እማማ ሽጉጥ ይጠላሉ። የሽጉጥ ወሬ ቤታቸው ሲነሳ እንኳ ያማትባሉ። በዚህ ሳምንት ግን ማርያም ደጅ ቆመው «እመቤቴ፣ እጇን አቅኚላት፤ እንድትመታው አድርጊያት» ብለው ሲለምኑ ራሳቸውን ሰሙ። ምኑን እንደምትመታ ለይተው አልተናገሩም፤ አፈሩ።

«ለመሆኑ ለምንድነው የሚራገጠው?» አሉ ማክሰኞ ዕለት፣ ራት ቀርቦ። «የሚሄደው ጥይቱ አይደለም እንዴ? ጥይቱ ወደዚያ ከሄደ ብረቱ ወደዚህ ምን አመጣው?»

ጉዲቱ የፊዚክስ ትምህርት ትወድ ነበር፤ ሲጠይቋት ፊቷ ይበራል። «ጥይቷን ወደ ፊት የሚገፋት እሳት ሽጉጡንም ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጥይቷ ቀላል ናት፤ እንደ ንፋስ ትበራለች። ሽጉጡ ከባድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይመጣል። ጥይቷና ሽጉጡ አንድ ዓይነት ክብደት ቢኖራቸው ኖሮ ሽጉጡም እንደ ጥይቷ ይገድለኝ ነበር።»

«ክፉ አታውሪ!»

«አይኖራቸውም እኮ፣ እማዬ።»

«አይኖራቸውም ብለሽ አትሳቂ። አጎቴ አብተው የራሱ ጠመንጃ ነው መንጋጋውን ያወለቀው። እስኪሞት ድረስ በአንድ ጎኑ ነበር የሚያኝከው። እንደ በቅሎ ነው የሚራገጠው።»

ይህን ታሪክ ጉዲቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ጠመንጃ የያዘ ሰው በመንገድ ባለፈ ቁጥር ተነግሯታል። አሁን ግን እጇን ሳታውቀው ወደ አገጯ ሰደደች፤ እማማ አላዩዋትም።

እማማ ዘውድነሽ ፍራሽ ሰፊ ናቸው። ናዝሬት ውስጥ ጥጡ የማይቋጠር የእሳቸው ፍራሽ ነው ይባላል፤ ከመልካሳና ከሞጆ ሳይቀር ያዝዟቸዋል። ረቡዕ ጠዋት ከወፍ ቀድመው ተነሥተው ከሰማያዊ ባለመስመር የፍራሽ ጨርቅ አንድ ጓንት ቆርጠው ሰፉ። ጣቶቹ ክፍት ናቸው፤ መዳፉና የአውራ ጣቱ ሥር ግን በሁለት ድርብ ጥጥ ተሞልቶ በመርፌ ተጠቅጥቋል። ጉዲቱ ስትነሳ ጠረጴዛው ላይ ጠበቃት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጓንት ነዋ። አሁን ይምጣና ይንከስሽ እስቲ።»

«እማዬ፣ አብረውኝ የሚለማመዱት አሥራ አንድ የጥበቃ ወንዶች ናቸው። ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። እነሱ ቆላ አይሄዱ።»

ጉዲቱ ጓንቱን አጠለቀችው። መዳፏ ሕፃን የታቀፈ ይመስል አበጠ። እማማ በር ድረስ ሸኟት፤ አጥሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ መጮህ ጀመሩ። «ፊትሽን አርቂ! ጥርስሽን ግጠሚ! ሲፈነዳ ዓይንሽን ጨፍኝ!»

«ዓይኔን ከጨፈንኩ ክቡን በምን አየዋለሁ?»

«እንግዲያው አንዱን!»

ረቡዕ ማታ ጉዲቱ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት አስገባሽ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? ሰኞ ሁለት፣ ትናንት ሦስት አልነበር እንዴ?»

«ሽጉጡ አርጅቷል» አለች። ጓንቱን ከኪሷ አውጥታ በጥንቃቄ አጠፈችና ትራሷ አጠገብ አኖረችው። ስለ እሱ አንድም ቃል አልተናገረችም። እማማ እጇን አገላብጠው አዩ፤ አዲስ ጭረት የለም። ታዲያ ምን ሆነች?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ፍራሽ ለመልካሳ የሚደርስ ነበራቸው። ባለጋሪው ሳሊህ መጥቶ መጫን ጀመረ። ሳሊህ ለዓመታት የእሳቸውን ፍራሽ ሲያመላልስ ኖሯል፤ ሆኖም አንድ ቀን እንኳ ሳይጮሁበት ጭኖ አያውቅም።

«ወደ ጎማው አስጠጋው! ወደ ጎማው! ኋላ ከከመርከው ጋሪው አፉን ሰማይ ላይ ይከፍታል፤ ፈረሱም ተንጠልጥሎ ይቀራል።»

«እማማ፣ የኔ ፈረስ ተንጠልጥሎ የሚያውቀው እርስዎ ኋላ የተቀመጡ ዕለት ብቻ ነው።»

«ዝም ብለህ አስጠጋ። ዛሬ እኔም እሄዳለሁ።»

«መልካሳ ድረስ?»

«እስከ ድንጋይ ካባው። ከዚያ አንተ ቀጥል፤ ስትመለስ ውሰደኝ።»

ሳሊህ ቀና ብሎ አያቸው። ወደ መልካሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የተተወ ድንጋይ ካባ የተኩስ መለማመጃ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። መቀመጫውን በእጁ ጠርጎ ደግፎ አወጣቸው።

ካባው አፍ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ነበር። አሥራ አንዱ ወንዶች ጥላ ፍለጋ የድንጋዩን ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ጉዲቱ ቆማለች፤ ከጎኗ አንድ እግሩን የሚያነክስ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው አለ። አሥር አለቃ ኢተፋ እንደሆነ እማማ ከጩኸቱ ወዲያው አወቁ፤ ጉዲቱ «ጆሯቸው በመድፍ ስለተጎዳ ሲያንሾካሹኩ እንኳ ሞጆ ይሰማል» ብላ ነግራቸው ነበር።

«እማዬ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ወደ መልካሳ ሳልፍ ነው። ምሳሽን ረስተሽ ሄድሽ።»

«ምሳዬን በልቻለሁ።»

«እንግዲያው መክሰስ ነው።»

ወንዶቹ ሳቁ። ኢተፋ እያነከሰ መጣና ባርኔጣውን አንሥቶ በኦሮምኛ «እናቴ» እያለ ሰላም አላቸው። «አካም ጅርቱ፣ ሃርሜ?»

«ፈያ ነኝ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይችን ትራስ የሰፉት እርስዎ ነዎት?» ብሎ ወደ ጉዲቱ እጅ ጠቆመ።

«እኔ ነኝ። ምን ሆነች?»

«ስፌቷ እንኳ ግሩም ናት። ለእኔም ወገብ ቢሰፉልኝ ደስ ይለኝ ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት «እዚህች ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ይዩ» ብሎ ጮኸ።

እማማ ተቀመጡ። ጆሯቸውን በነጠላቸው ጠቀለሉ። ጉዲቱ ሽጉጡን በሁለት እጇ ዘረጋች፤ ተኮሰች። እማማ ከድንጋዩ ላይ ዘለሉ፤ ሲቀመጡ ግን ያዩትን አልረሱም። አፈሙዙ ወደ ሰማይ ተስፈንጥሮ ነበር፤ ከጉዲቱ ጸጉር በላይ። ጥይቱ ደግሞ ከኢላማው እግር ሥር አፈር አንስቷል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም።

«አሁን ስጪኝ» አለ ኢተፋ። ጀርባውን ሰጥቶ ሽጉጡን ነካካና መለሰላት። «ጥይት ይኑረው አይኑረው አልነግርሽም። ተኩሺ።»

ጉዲቱ አነጣጠረች። ቃታውን ሳበች። ቀጭ ብቻ አለ፤ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም አየው። የፈነዳ ነገር ሳይኖር፣ የሚራገጥ ነገር ሳይኖር፣ አፈሙዙ ገና ቀድሞ ወደ መሬት ሰገደ። የጉዲቱ ትከሻ ተሸማቀቀ፤ አገጯ ወደ ደረቷ ገባ፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ተጨፈኑ።

ከወንዶቹ አንዱ፣ ሆራ የሚሉት ረጅም ወጣት፣ «ጓድ ሽጉጥ ጸሎት ላይ ነው» አለና ሌሎቹ ፈነዱ።

«አፍህን ዝጋ፤ አንተ በመጀመሪያው ሳምንት ከዚህ የባሰ ሰግደህ ነበር» አለው ኢተፋ። ወደ እማማ ዞረ። «አዩ፣ ሃርሜ? ጥይቱ ወደ ላይ የሚሄድ መስሎዎት ነበር። ሽጉጡ ወደ ላይ የሚዘለው ጥይቷ አፉን ለቃ ከሄደች በኋላ ነው ማለት ይቻላል። እሱን እንዲዘል ብትተወው ምንም አይጎዳትም፤ ዘልሎ ይመለሳል። እሷ ግን እንደሚዘል ስለምታውቅ ቀድማ ትጫነዋለች። ስትጫነው ጥይቷ አፈር ትበላለች።»

«እና ለምን ያን ያህል ይዘላል? ትናንትና ከትናንት በስቲያ እንዲህ ነበር?»

ኢተፋ ዝም አለ። ጉዲቱ መሬት መሬት ታያለች። ዝምታው እማማ የሚያውቁት ዓይነት ነው፤ እሳቸው ቅር እንዳይላቸው ሰው ዝም የሚለው ዓይነት።

«ተናገራ፣ አንተ ሰው። እኔ ሸክላ አይደለሁም።»

ኢተፋ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አይቶ አሳያቸው። «ግፊያው የሚመጣው በዚህ በኩል ነው» አለ፣ ጣቱን በአፈሙዙ መስመር ከፊት ወደ ኋላ እየሳበ። «እጇ ደግሞ ያለው እዚህ ታች ነው። ላይ እየተገፋ፣ ታች ተይዞ፣ አፉ ወደ ላይ ሳይዞር የት ይሄዳል? ስለዚህ እጅ ወደ መስመሩ በጣም መጠጋት አለበት፤ ብረቱ እንዳይጭራት ትንሽ ቦታ ብቻ ትቶ። በዚህ ጓንት ግን መጠጋት አትችልም። ጥጡ ታች አስቀራት። በዚያ ላይ ለስላሳ ነው፤ ሽጉጡ ውስጡ ይንሳፈፋል። ትናንት መዝለሉ እጥፍ ሆነባት፤ እጥፍ ሲሆን ፈራች፤ ስትፈራ ሰገደች።»

እማማ ዘውድነሽ ሽጉጡን አዩ፤ የኢተፋን ጣት አዩ። ከዚያ ሳሊህና ጋሪው ትዝ አሏቸው። ኋላ የተከመረ ፍራሽ፣ ከጎማው የራቀ ሸክም፣ አየር ላይ የተንጠለጠለ ፈረስ። በየሳምንቱ በገዛ አፋቸው የሚጮሁት ነገር ነበር።

«ወደ ጎማው ማስጠጋት ነዋ» አሉ በቀስታ።

«ምን አሉ?»

«ምንም። ነይ አንቺ ልጅ፤ እጅሽን አምጪ።»

ጉዲቱ እጇን ሸሸገች። «ተይው እማዬ። እኔው እለምደዋለሁ።»

«አምጪ አልኩሽ!»

ጓንቱን ከእጇ ላይ አወለቁት፤ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ጥጡን ከሆዱ ጎትተው አወጡ። ነፋሱ ወስዶ ካባው ውስጥ በተነው። ጉዲቱ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። «ከወፍ ቀድመሽ ተነሥተሽ የሰፋሽው ነው» አለች።

«ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበር የሰፋሽው።»

ኢተፋ ባዶ እጇን አስተካከለላት፤ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ፣ እዚያ ላይ ያዢ። ሁለት ጥይት አጎረሰላት። በእርግጥም ሽጉጡ ያን ያህል አልዘለለም፤ እማማ ራሳቸው ልዩነቱን አዩት። ጥይቶቹ ግን አሁንም አፈር ነው የመቱት። ቀጥሎ ባዶውን ሰጣት። ቀጭ። አፈሙዙ ሰገደ።

ኢተፋ ጭንቅላቱን አከከ። «እጇን አስተካክያለሁ፣ ሃርሜ። ጭንቅላቷ ውስጥ ያለውን ግን አልደርስበትም። ሽጉጥ በቅሎ ነው ብሎ ያስፈራራት ሰው አለ።»

እማማ ዘውድነሽ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ፈቱ። ሁልጊዜ ልጅቱን የሚጠብቋት በፍርሃት ነበር፤ እሳቱን፣ ጉድጓዱን፣ ውሻውን፣ መኪናውን፣ ሁሉንም ቀድመው ፈርተውላት ነው ያሳደጓት። እስከ ዛሬ ሠርቷል፤ ልጅቱ አንድም ቀን አልተቃጠለችም። አሁን ግን ከአፋቸው የወጣው ፍርሃት ሽጉጡን በእጇ ላይ ሆኖ ወደ መሬት ይጫን ነበር፤ መሬቱ ሥር ደግሞ ቆላው ነበረ።

«ጉዲቱ።»

«አቤት።»

«አጎቴ አብተው መንጋጋው የወለቀው በጠመንጃ አይደለም።»

«ምን?»

«ከበቅሎ ወድቆ ነው። ያውም ቆማ ከነበረች በቅሎ። አፍሮ ጠመንጃ ነው አለ፤ እኔም ሳውቅ ላንቺ ጠመንጃ ነው አልኩሽ። ጠመንጃ እንድትሸሺ ብዬ።»

ጉዲቱ አፏን ከፍታ ቀረች። «ዕድሜ ልኬን ሲያኝክ እያሰብኩ ፈርቻለሁ እኮ!»

«አሁን ደግሞ አታምኚኝም። ስለዚህ...» ተነሡና ቀሚሳቸውን አራገፉ። «አሥር አለቃ፣ አንድ ስጠኝ።»

«አንድ ምን?»

«ጥይት።»

ኢተፋ ወደ ግራ ቀኝ ተመለከተ። «ሃርሜ፣ ደንቡ አይፈቅድም። የእያንዳንዱ ቀለህ ይቆጠራል።»

«ደንቡ ይህችን ልጅ ካባ ድረስ አምጥቶ ማስፈራራት ይፈቅዳል?»

«የሚያስፈራሯት እርስዎ ነዎት እኮ!»

«እሱን ነው የምልህ! የተናገርኩትን ላፍርስ እያልኩህ ነው።»

ኢተፋ አንገቱን እየነቀነቀ ከራሱ ጥይት አንዷን አወጣ። ከኋላቸው ቆሞ በሁለቱም እጁ እጃቸውን ከበበው፤ ትንባሆና ሳሙና ይሸታል። «ሃርሜ፣ እጅዎ ከፍ ይበል። እንደዚያ። ክንድዎን አይገትሩት፤ ግን አይልቀቁት። መዝለሉ የእሱ ሥራ ነው፤ የእርስዎ ሥራ መያዝ ብቻ ነው። ቃታውን ቀስ አድርገው፣ ልክ መርፌ ከወፍራም ጨርቅ ውስጥ እንደሚስቡ። መቼ እንደሚፈነዳ አያስቡ።»

«እመቤቴ ሆይ፣ ይቅር በይኝ» አሉ እማማ ዘውድነሽ፤ ሳቡም።

ጩኸቱ ከጠበቁት በላይ ነበር። ግፊያው ግን... መዳፋቸው ላይ ተደገፈና ወደ ክርናቸው ገባ፤ አፈሙዙ ቀና አለ፤ እንደ ሰው ራስ ነቅነቅ ብሎ ወደ ነበረበት ተመለሰ። አንድ ሰው ከጋሪ ላይ ፍራሽ ሲያቀብላቸው ከሚሰማቸው አይበልጥም ነበር። መንጋጋቸውን በምላሳቸው ዳሰሱ። ሁሉም ጥርስ ቦታው ላይ ነው፤ ማለት ያሉት።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው፣ ሃርሜ።»

«ለዚህ ነው ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ ያለኝ?» ወደ ጉዲቱ ዞሩ። «ይሄ እንኳን በቅሎ፣ በግም አይሆን!»

ሆራ «እማማ ኢላማውን ዳር ዳሩን ነክተውታል!» ብሎ ጮኸ፤ ወንዶቹ አጨበጨቡ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጉዲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ እንባዋ አቧራውን እያጠበ በጉንጮቿ ይወርዳል።

ስትነሳ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ኢተፋ ጀርባውን ሰጥቶ እያቀባበለ፣ አንዴ ባዶ አንዴ የጎረሰ፣ ደጋግሞ ሰጣት። የመጀመሪያው ባዶ ላይ አፈሙዙ ትንሽ ሰገደ። ሁለተኛው ላይ ከዚያ ያነሰ። አምስተኛው ባዶ ላይ ቀጭ ሲል ሽጉጡ ጫፉ ላይ ሳንቲም ቢያስቀምጡበት እንኳ የማይወድቅ ይመስል ቀጥ ብሎ ቀረ። እማማ ዘውድነሽ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ለካ እሳቸውም አብረው ሲሰግዱ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አልሄዱም። «ዓይኔ ራሱ ያስፈራታል» አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ጥጥ ዘርግተው በዱላ ሲያፍታቱ ዋሉ፤ አንዱን ጥጥ አራት ጊዜ አፍታቱት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጉዲቱ በመንገዱ ጫፍ ታየች። ትከሻዋን አዩ፤ ቀና ብሏል። እግሯን አዩ፤ ይዘገያል። ከዚህ ምን ይነበባል?

«ሰባት!» አለች ጉዲቱ ከሩቁ፤ ሰባት ጣቷን ዘርግታ።

እማማ ዱላውን ጥለው ጥጡ ላይ ተቀመጡ። ጉዲቱ ሮጣ መጥታ አቅፋ አነሳቻቸው፤ ሁለቱም ነጭ በነጭ ሆኑ።

«የመጀመሪያው ሳተ» አለች። «ሁለተኛው ላይ አንቺን አሰብኩ። ‹በግም አይሆን› ያልሽውን። እዚያው ልስቅ ነበር። የኮሚቴው ሰው ጓድ ሐዲስ ‹ምን ያስቅሻል?› አለኝ። ‹በግ፣ ጓድ› አልኩት።»

«ውይ! በግ ብለሽ ሰደብሽው?»

«አልሰደብኩትም እማዬ።»

«እንዲያ ተብሎ አይመለስም። ሰኞ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው። በጉ ሽጉጡ ነው በዪው።»

ሰኞ ጠዋት ጉዲቱ ካኪ ልብስ ለብሳ፣ የወገብ ቀበቶዋ ቢሰፋባትም በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለት፣ የፋብሪካው በር ላይ ቆመች። በዚያን ዕለት ማክሰኞ የሚሄዱት አሥራ አንዱ ሴቶች ቤተሰቦች ገብተው እንዲሰናበቱ ተፈቅዶ ነበር። እናቶች፣ እህቶች፣ ጎረቤቶች፣ ስንቅ በፌስታል አንጠልጥለው ተሰልፈዋል። ጉዲቱ አንድ በአንድ እየፈተሸች ስታሳልፍ ከሰልፉ መሐል እማማ ዘውድነሽ ብቅ አሉ። ከበሩ ጀርባ የጥበቃው አለቃ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ያያል።

ጉዲቱ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እማማ፣ ወደዚህ ቀረብ ይበሉ። እጅዎን ወደ ጎን ይዘርጉ።»

«ደግሞ እርስዎ አልሽኝ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ደንብ ነው» አለች እሷም በሹክሹክታ።

እጃቸውን ዘረጉ። ጉዲቱ ትከሻቸውን፣ ብብታቸውን፣ ወገባቸውን ዳሰሰች። መቀነታቸው እጥፋት ውስጥ አንድ ጠንካራ ነገር እጇ ላይ መጣ። አወጣችው። ትንሽ ጠርሙስ ናት፤ ነጫጭ ኪኒን ሞልቶባታል። ላይዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች።

«የወባ ኪኒን ነው» አሉ እማማ፣ ሳትጠይቃቸው። «ለአበባ ነው። እናት የላትም፤ ስንቅ የሚያመጣላትም የለም።»

አበባ ከጉዲቱ ጎን ተቀምጣ ሁለት ዓመት ኑግ ያበጠረች ልጅ ናት። ጉዲቱ ጠርሙሷን አገላበጠች። ከሥሯ የፋርማሲው ወረቀት ተለጥፏል፤ ቀኑም ተጽፎበታል። የአርብ ቀን ነው። ከፈተናው በፊት ያለው አርብ።

«ለአበባ አርብ ዕለት ገዛሽላት?» አለች፤ ደንቡን ረሳችው።

እማማ መሬት መሬት አዩ። «ለአንቺ ነበር።»

«ሐሙስ ዕለት እንደዚያ ተኩሰሽ ‹በግም አይሆን› ብለሽ?»

«መተኮሱንማ ተኮስኩ። አያት አይደለሁ እንዴ? አርብ ጠዋት ስነሳ ደግሞ ፈራሁ። ሄጄ ገዛሁ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከምግብ በኋላ እንድትውጠው እነግራታለሁ። ሳምንት ሳትዘል። ሲመሽ ደጅ እንዳትቀመጥ፣ እግሯን እንድትሸፍን፣ ራሷን ባመማት በመጀመሪያው ቀን ሐኪም እንድትሄድ። ሁለተኛው ቀን አይባልም፤ የመጀመሪያው ቀን።»

ጉዲቱ ከንፈሯን ነክሳ ጠርሙሷን ወደ መቀነቱ እጥፋት መለሰችና አጥብቃ ቋጠረችው። ከኋላ አንዲት ሴት «ኸረ እዚያ ጋ፣ ጨርሱ እንጂ!» አለች።

«ይለፉ፣ እማማ» አለች ጉዲቱ።

እማማ ዘውድነሽ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ከትከሻዋ በላይ የጥበቃውን አለቃ አየት አደረጉ፤ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

«ኪሴን አላየሽም» አሉ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «ሰውየው እያየሽ ነው። በደንብ ፈትሺ።»